ስምን መልአክ ያወጣዋል፤ የስልኩንስ ማን ያወጣዋል?

“ስምን መልአክ ያወጣዋል” ይላሉ አበው። ልጅ በተወለደ ጊዜ እናት ያሳለፈችውን መከራ ወይም ያገኘችውን ደስታ፣ አባት የተመኘውን፣ አያት ያለመችውን በአንድ ቃል አሳጥረው ለሕፃኑ ይሰጡታል። ልጅ ሞቶባት የነበረች እናት የሚቀጥለውን “ምትኩ”፣ “ካሳ” ወይም “ማስረሻ” ብላ ትጠራዋለች። ስሙን የሰማ ጎረቤት ሁሉ የእናቲቱን ታሪክ ያውቃል። ከዚያ በኋላ ልጁ በዚያው ስም ትምህርት ቤት ይመዘገባል፤ በዚያው ስም ደመወዝ ይፈርማል፤ በዚያው ስም ይዳራል፤ በመጨረሻም በዚያው ስም ይለቀስለታል።

በአሁኑ ዘመን ግን አንድ ሰው ከዚህ ስም ሌላ ስም እንዲያወጣ በየጊዜው ይጠየቃል። ቴሌግራም ሲከፍት “ስምህ ማን ነው?” ይባላል፤ ቲክቶክ ሲከፍት እንደገና ይጠየቃል፤ ፌስቡክም እንዲሁ። ይህን ስም የሚያወጣው መልአክ አይደለም፤ አያትም አይደለችም። አብዛኛውን ጊዜ ስም አውጪው ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ከጓደኞቹ ጋር የሚሳሳቅ የአሥራ ስድስት ወይም የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ነው።

የሚወጡትም ስሞች አንዳንዶቹ በእርግጥ ያስቃሉ። “ማን ልበል” የሚል ስም ያወጣ አለ። ስልክ አንስቶ “ማን ልበል?” ብሎ ለሚጠይቀው ሰው “ማን ልበል ነኝ” ብሎ ሊመልስ ነው። “የደወሉላቸው ደንበኛ” ብሎ ራሱን የሰየመም አለ። “ነገ እነግርሃለሁ”፣ “አንተው ራስህ”፣ “ዝም በል” የሚሉም አይጠፉም። ወጣትነት ከቀልድ ጋር አብሮ የሚሄድ ስለሆነ በዚህ የሚቆጣ ወላጅ ሊኖር አይገባም። ይሁን እንጂ ቀልዱ ቤት ውስጥ የሚያመጣውን ነገር እናቶች አስቀድመው ቢያውቁት ይጠቅማል ብለን ስላመንን የዛሬውን ጽሑፋችንን በዚሁ ጉዳይ ላይ አዘጋጅተነዋል።

“ማንም” የተባለው መልእክተኛ

ታሪኩን ያጫወቱን በአዲስ አበባ በአንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ የሦስት ልጆች እናት ናቸው። ስማቸው በጋዜጣ እንዳይወጣ ስለ ጠየቁን አንጠቅሰውም። ትውልዳቸው ታች ጋይንት ነው። እናታቸው፣ ወንድሞቻቸውና የእህታቸው ልጆች ዛሬም ከአርብ ገበያ ከተማ ራቅ ብሎ በሚገኝ ቀበሌ ይኖራሉ።

ነገሩ የሆነው በግንቦት ወር 2014 ዓ.ም. ነው። አሮጊቷ እናት ሆዳቸውን በጽኑ ታመሙ። የአገሩ ሰው ተጠራርቶ በቃሬዛ ተሸክሞ እስከ መኪና መንገድ አደረሳቸው፤ ከዚያም በነፋስ መውጫ በኩል ወደ ደብረ ታቦር ተወሰዱ። አብሮ የሄደው የአሥራ ሰባት ዓመቱ የልጅ ልጃቸው ነበር። ወጣቱ በዚያው ሳምንት አዲስ ሲም ካርድ አውጥቶ፣ በአዲሱ ቁጥር አዲስ ቴሌግራም ከፍቶ፣ ስሙንም “ማንም” ብሎ ነበር።

“እኔ በሥራ ሰዓት ስልኬን ከዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ቆልፌ ነው ወደ መኪናዬ የምገባው” ይላሉ ሠራተኛዋ የስፌት መኪናቸውን ማለታቸው ነው። “ማታ ደክሞኝ ቤት ገብቼ እግሬን በሙቅ ውኃ እየነከርኩ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ትንሿ ልጄን ‘ማን ነው የጻፈው?’ አልኳት። ‘ማንም’ አለችኝ። ‘እንግዲያ ምን ያስጮኸዋል? አስቀምጪው’ አልኳት። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ጮኸ። ‘አሁንስ ማን ነው?’ ብላት ‘ማንም’ አለች። እኔም ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ተኛሁ።”

በማግሥቱ ወደ ሥራ ሲሄዱ አውቶቡስ ውስጥ ሆነው ስልካቸውን ሲከፍቱ መልእክቱን ራሳቸው አነበቡት። “እትዬ፣ እምዬ በጠና ታማለች። ደብረ ታቦር ወስደናታል። ለመድኃኒት ስድስት ሺህ ብር በዚህ ቁጥር ቶሎ ላኪልኝ” ይላል። ከላይ የተጻፈው ስም “ማንም” ነው። ቁጥሩን አያውቁትም። ወጣቱ ስሙ ከላይ ያለ ስለ መሰለው ከታች “እኔ እገሌ ነኝ” አላለም። በዚያው ሰሞን ደግሞ በፋብሪካው ሠራተኞች መካከል “እናትሽ ታማለች፣ ገንዘብ ላኪ” እያሉ የሚያታልሉ ሰዎች እንዳሉ ሲወራ ነበር። አገር ቤት ባለው ቁጥር ቢደውሉ አልሠራም። ስለዚህ ጥንቃቄ ያደረጉ መስሏቸው “ማንም”ን ከስልካቸው አገዱት። ወጣቱ ከዚያ በኋላ የጻፈው ሁሉ አልደረሳቸውም።

እውነቱ የታወቀው በሦስተኛው ቀን ወንድማቸው ከሰው ስልክ ለምኖ በደወለ ጊዜ ነው። በእነዚያ ቀናት ውስጥ የሕክምናውን ወጪ ለመሸፈን አንዲት ጊደር በወደቀ ዋጋ ተሸጣለች። ደግነቱ አሮጊቷ ድነው ወደ ቤታቸው ተመለሱ።

“የጊደሯ ነገር ይቅር” ይላሉ እኚህ እናት። “የሚቆጨኝ ሌላ ነው። እናቴ አልጋ ላይ ሆና ‘ለልጄ ነገራችኋት?’ ስትል ‘ነግረናታል፤ መልእክቱን አይታዋለች፤ ግን አልመለሰችም’ ተባለች። ያን ጊዜ ‘ሰምታ ዝም አለች?’ ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች አሉ። ሦስት ቀን ሙሉ እናቴ በእኔ አዝና ተኛች። ብትሞትስ ኖሮ? ‘ማንም’ ነው ያጣላን ብዬ ለማን እናገራለሁ?”

ቀልዱ አዲስ አይደለም

“ማንም” የሚለው ቀልድ በታች ጋይንት የተጀመረ አይደለም። የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ስለ ጀግናው ኦዲሲየስ በተረከው ታሪክ ውስጥ ይገኛል። ጀግናው በአንድ ዓይናው ግዙፍ ሰው ዋሻ ውስጥ በተያዘ ጊዜ “ስሜ ማንም ነው” ይለዋል። በኋላም ዓይኑን ባጠፋው ጊዜ ግዙፉ ሰው ጎረቤቶቹን “ማንም ጎዳኝ!” እያለ ይጠራቸዋል። እነርሱም ማንም ካልጎዳህ ምን ልንረዳህ እንችላለን ብለው ወደየቤታቸው ይመለሳሉ። ኦዲሲየስ ስሙን የደበቀው ከጠላት ነበር። የእኛ ወጣት ግን ሳያውቀው የደበቀው ከገዛ አክስቱ ነው። የነገሩ ልዩነት እዚህ ላይ ነው።

ከዚሁ ጋር የሚመሳሰል ነገር በ1979 እ.ኤ.አ. በአሜሪካን አገር በሎስ አንጀለስ ደርሷል። አንድ የመኪና ባለቤት በሰሌዳው ላይ እንዲጻፍለት የሚፈልገውን ቃል በሦስት ምርጫ እንዲሞላ ቅጽ ተሰጠው። ሁለቱን ከሞላ በኋላ በሦስተኛው ቦታ ላይ፣ ሁለቱ ካልተገኙ ልዩ ሰሌዳ አልፈልግም ለማለት፣ “ሰሌዳ የለም” ብሎ ጻፈ። መሥሪያ ቤቱም “ሰሌዳ የለም” የሚል ሰሌዳ ሠርቶ ሰጠው። ትራፊክ ፖሊሶች ደግሞ ሰሌዳ በሌለው መኪና ላይ የቅጣት ወረቀት ሲጽፉ “ሰሌዳ የለም” ብለው ይሞሉ ስለ ነበረ፣ ሰውዬው በሌሎች ጥፋት ከሁለት ሺህ በላይ የቅጣት ማስታወቂያ ደረሰው ይባላል። ለሰው ቀልድ የሆነው ነገር ለመዝገብና ለኮምፒዩተር ቀልድ አይደለም። መዝገብ የተጻፈለትን እንደ ተጻፈ ይወስደዋል።

አባቶቻችንም ሌላ ስም ነበራቸው

አንዳንድ ወጣቶች “አባቶቻችንስ ስንት ስም ነበራቸው?” ብለው ይከራከራሉ። እውነት ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በፈረስ ስማቸው “አባ ታጠቅ”፣ ዐፄ ዮሐንስ “አባ በዝብዝ”፣ ዐፄ ምኒልክ “አባ ዳኘው” ይባሉ ነበር። በአማራው አገር ሙሽራ ወደ ባሏ ቤት ስትገባ አማቷ አዲስ ስም ታወጣላት የነበረው ልማድም ገና አልተረሳም። ወንድ ልጅ በአርባ ቀኑ፣ ሴት ልጅ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ሲነሱ ሌላ ስም ይሰጣቸዋል። በትግል ዘመንም ስም መለወጥ ነበር። ቀድሞ ለገሠ ይባሉ የነበሩት መለስ ዜናዊ በሕይወት ዘመናቸው ሁሉ የታወቁበትን ስም የወሰዱት በደርግ ከተገደለው ከመለስ ተክሌ ነው።

ጋይንት ደግሞ የቃል ጨዋታ የማይታወቅበት አገር አይደለም። የድጓ ምስክር የሆነችው ቤተልሔምና የዝማሬ መዋሥዕት ምስክር የሆነችው ዙር አምባ የሚገኙት በዚሁ ምድር ነው። ሰምና ወርቅ ለምዶ ያደገ ሰው በአንድ ቃል ሁለት ነገር መናገር እንደ ነውር አይቆጥረውም።

ነገር ግን ልዩነቱን እናስተውል። የፈረስ ስም ባለቤቱ እንዲታወቅበት የሚወጣ ስም ነው፤ በፉከራ፣ በአደባባይ ይጠራል። የሙሽራዋን ስም ሁለቱም ቤተሰቦች ያውቁታል። በቅኔም ቢሆን ወርቁን የሚያወጣ ሰሚ አለ፤ ሰሚ የሌለው ቅኔ የጠፋ ዕቃ ነው። “ማንም” ግን ባለቤቱን የሚያውቅ አንድም ሰው ሳይኖር የወጣ ስም ስለሆነ በችግር ቀን ባለቤቱን አላስጠራውም።

ስማቸውን የሚደብቁት ሁሉ ቀልደኞች አይደሉም

በሌላ በኩል ደግሞ ሁሉም ሰው ሙሉ ስሙን ከነአባቱና ከነአያቱ በአደባባይ ይስቀል ማለት ትክክለኛ ምክር አይሆንም። በተለይ ለሴቶች ልጆች። በእስቴ መካነ ኢየሱስ ወይም በስማዳ ወገዳ ከተማ የምትማር አንዲት ልጃገረድ ሙሉ ስሟን፣ ትምህርት ቤቷንና ፎቶግራፏን በአንድነት ብታወጣ የማታውቀው ሰው ሁሉ ሊጽፍላት፣ አልፎም ከትምህርት ቤቷ በር ላይ ሊጠብቃት ይችላል። ይህን ፈርታ “የጉና አበባ” ብትባል ብልኅነት እንጂ ጥፋት አይደለም።

ስለዚህ ጥያቄው ልጄ ስሟን ደበቀች ወይስ አልደበቀችም የሚለው አይደለም። ከማን ደበቀችው የሚለው ነው። ከማታውቀው ሰው መደበቅ ጥንቃቄ ነው፤ ከእናት፣ ከአክስትና ከወንድም መደበቅ ግን ራስን ብቻ ማስቀረት ነው።

ፊደሎቻችንና አታላዮች

የስም ነገር በእኛ ፊደል ሲሆን አንድ ተጨማሪ ችግር አለው። በድምፅ አንድ፣ በመልክ የተለያዩ ፊደሎች አሉን። ሀ፣ ሐ እና ኀ አሉ፤ ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። “ፀሐይ” የሚለውን ስም ብንወስድ ፀሐይ፣ ጸሐይ፣ ፀሀይ፣ ጸሀይ፣ ፀኀይ፣ ጸኀይ ብሎ በስድስት መንገድ መጻፍ ይቻላል። ለአንባቢ አንዲት ሴት ናት። ለኮምፒዩተር ግን ስድስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ እያንዳንዱ ሰው እንደ ጆሮው ስለሚጽፍ ልዩነቱ ከዚህም ይበዛል።

አታላይ የሚጠቀመው በዚህ ነው። በቤሩት ወይም በሪያድ ሠርታ ቤተሰቧን የምትረዳ አንዲት ልጅ ብትኖር፣ ፎቶግራፏን ከፌስቡክ ወስዶ ስሟን በአንድ ፊደል ብቻ ለውጦ ይጽፋል። ከዚያም ለእናቷ “ስልኬ ጠፍቶ ነው፤ አዲሱ ቁጥሬ ይህ ነው” ይላል። እናት ፊቷን አይታ፣ ስሟን አንብባ ታምናለች። ፎቶግራፉም ስሙም እውነተኛ ይመስላል፤ ሰውዬው ግን ሌላ ነው።

በዚህ ረገድ እናቶች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ። ቴሌግራም ላይ ሁለት ዓይነት ስም ይገኛል። አንደኛው ከላይ በትልቁ የሚታየው ሲሆን ባለቤቱ በአማርኛም ሆነ በሌላ ቋንቋ የፈለገውን ሊጽፍበት ይችላል፤ ሺህ ሰዎችም አንድ ዓይነት ስም ሊይዙ ይችላሉ። ሁለተኛው በላቲን ፊደልና በቁጥር የሚጻፈው መለያ ስም ነው፤ ይህን በአንድ ጊዜ ከአንድ በላይ ባለቤት ሊይዘው አይችልም። ስለዚህ ከላይ የሚታየውን ስምና ፎቶግራፍ አይቶ ማመን በቂ አይደለም።

የአገልግሎቶቹ ባለቤቶችም ይህን ያውቃሉ። “አስተዳዳሪ” ወይም “የደንበኞች አገልግሎት” የሚመስሉ አንዳንድ ቃላትን ማንም እንዳይወስዳቸው አስቀድመው የሚከለክሉ ብዙ ናቸው፤ እንዲህ ያለ ስም ይዞ “የይለፍ ቁጥርህን ላክልኝ” የሚል ሰው ብዙዎችን ሊያታልል ስለሚችል ነው። በአገራችንም ቢሆን በኮምፒዩተር አማካይነት ማታለልና የሌላውን ሰው ማንነት መጠቀም በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 በወንጀልነት ተደንግጓል። እንግዲህ ወጣቶች የመምህራቸውን ወይም የጓደኛቸውን ስምና ፎቶግራፍ ይዘው “ለቀልድ ነው” ሲሉ ነገሩ ከቀልድ ሊያልፍ እንደሚችል መነገር አለበት።

በየቤቱ ሊደረግ የሚገባው

አንደኛ፣ የቤተሰቡን አባላት ቁጥር ሁሉ በራስዎ አጠራር ስልክዎ ላይ መዝግቡ። ቁጥሩን “የእህቴ ልጅ፣ ጋይንት” ብለው ከመዘገቡት ቴሌግራም የሚያሳይዎ እርስዎ የጻፉትን ነው፤ ልጁ ራሱን “ማንም” ቢለውም “ዝም በል” ቢለውም አይቸግርዎትም። ልጆችም አዲስ ሲም ካርድ ባወጡ ዕለት፣ ሌላ ነገር ሳይጽፉ፣ ማንነታቸውን በድምፅ ደውለው እንዲያስታውቁ ልማድ ይሁን።

ሁለተኛ፣ የችግር መልእክት ሲጻፍ በመጨረሻው ላይ ስም ይጻፍበት። የድሮ ደብዳቤ ጸሐፊ “ልጅሽ እገሌ” ሳይል ደብዳቤውን አያጥፍም ነበር። ያ ልማድ ዛሬም አላረጀም።

ሦስተኛ፣ ገንዘብ የሚጠይቅ መልእክት ሲደርስዎ ወዲያው አይላኩ፤ ወዲያውም አያግዱ። ይደውሉ። ባይመልስ ከዚያው አገር ሌላ የሚያውቁትን ሰው ይጠይቁ። ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሚሠራበት በቴሌብር ገንዘብ ሲልኩ ምስጢር ቁጥርዎን ከማስገባትዎ በፊት የተመዘገበው የተቀባይ ስም ይታያል፤ ረጋ ብለው ያንብቡት። የልጅዎ ወይም የዘመድዎ ስም ካልሆነ ያቁሙ።

አራተኛ፣ ቤተሰቡ ለራሱ ብቻ የሚያውቀው አንድ ቃል ይኑረው። የላሚቱ ስም ሊሆን ይችላል፤ ልጆቹ ያደጉበት ምንጭ ስም ሊሆን ይችላል። በችግር ጊዜ መልእክቱ ላይ ያ ቃል ካለ የጻፈው የቤት ልጅ ነው። አታላይ ፎቶግራፍ ሊሰርቅ ይችላል፤ የላሚቱን ስም ግን ከየት ያመጣዋል?

አምስተኛ፣ ልጆች በሚያወጡት ስም ውስጥ የትውልድ ዓመታቸውን፣ የስልክ ቁጥራቸውንና የትምህርት ቤታቸውን ስም እንዳያስገቡ ይምከሯቸው። ለጨዋታ የሚሆን ስም ለጨዋታ ይዋል፤ ለቤተሰብ፣ ለትምህርትና ለሥራ ፍለጋ ግን ያለ ማብራሪያ የሚታወቅ ስም ያስፈልጋል። ነገ የሥራ ማመልከቻ የሚመለከት ኃላፊ “ነገ እነግርሃለሁ” ከሚባል አመልካች መልእክት ቢደርሰው ነገ እስኪነገረው ላይጠብቅ ይችላል። ቲክቶክና ፌስቡክ ዕድሜያቸው ከ13 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች በራሳቸው ስም እንዲከፍቱ እንደማይፈቅዱም ወላጆች ሊያስታውሱ ይገባል።

እነዚህን ለማድረግ ብዙ ትምህርት አያስፈልግም። ማንበብ የማይችሉ እናቶችም ቢሆኑ ለሚያነብላቸው ልጅ “ስሙን ብቻ ሳይሆን የተጻፈውንም እስከ መጨረሻ አንብብልኝ” ማለት ይችላሉ። የልብስ ስፌት ሠራተኛዋ በዚያች ማታ ይህችን አንዲት ጥያቄ ጨምረው ቢሆን ኖሮ ጊደሯም አትሸጥም ነበር፤ አሮጊቷም ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አያዞሩም ነበር።

እኚህ እናት በዚያው ዓመት ክረምት ፈቃድ ወስደው ወደ አገራቸው ሄደው እናታቸውን አይተዋል። ነገሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቁጭ ብለው አስረዷቸው። አሮጊቷ ስለ ቴሌግራም የተነገራቸውን ሁሉ ባይከተሉትም አንዱን ነገር ግን በደንብ ይዘውታል። የልጅ ልጃቸውን አስጠርተው “እኔ ስም አላወጣሁልህም?” አሉት።

“አውጥተሽልኛል፣ እምዬ” አለ ወጣቱ መሬት መሬት እያየ።

“እንግዲያ ስም እንዳጣ ሰው ለምን ማንም ተባልህ? ማንም ብዬ ጠርቼህ ብሆን ያን ለሊት ማን ይሸከመኝ ነበር?”

ወጣቱ በዚያው ዕለት አያቱ ያወጡለትን ስም በስልኩ ላይ ጽፏል። “ማንም” የተባለው ስም ከጓደኞቹ ጋር ለሚጫወትበት ብቻ ቀርቷል።

እናቶች፣ ዛሬ ማታ ራት ከቀረበ በኋላ ልጆቻችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቋቸው። “ስልክህ ላይ ስምህ ማን ነው?” በሉ። መልሱ ያስቃችሁ ይሆናል፤ አብራችሁ ሳቁ። ከሳቁ በኋላ ግን ቁጥሩን በምታውቁት ስሙ መዝግቡት።